አንድ አንቴና ለሁለት ሬዲዮ፦ ዴሲቤሉን ጠይቁ

ይድረስ ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፤

አማተር ሬዲዮ፣ ማለትም ለንግድ ሳይሆን ለዝንባሌ ሲባል በራስ ሬዲዮ እያሰራጩና እየተቀበሉ መነጋገር፣ ከአምስት ኪሎው የኢቲ3ኤኤ ክበብ ጣቢያና ከጥቂት ወዳጆቹ ውጭ ብዙም አይወራለትም። ሬዲዮ ከውጭ በስጦታ ሊመጣ ይችላል፤ አንቴና ግን ጣሪያና ምሰሶ ይፈልጋል። ስለዚህ ሁለተኛ ሬዲዮ ሲገኝ ያለውን አንቴና ማጋራት የግድ ይሆናል፤ ዕቃ የሚቃጠለውም ያኔ ነው። ለጀማሪዎች ይጠቅም እንደሆነ ይህን ብታወጡልኝ።

ከማጋሪያ መንገዶች ሁሉ ርካሹም አደገኛውም ቲ ኮኔክተር (አንዱን ገመድ ለሁለት የሚከፍል መጋጠሚያ) ነው። 50 ኦም የሆነው አንቴናና ወደ 50 ኦም የሚጠጋው የሁለተኛው ሬዲዮ መግቢያ በትይዩ ሲገናኙ ለማሰራጫው 25 ኦም ይሆኑበታል፤ ሬዲዮውና አንቴናው ምን ያህል እንደተጣጣሙ የሚነግረው የኤስደብልዩአር ሜትርም 2 ለ 1 ያሳያል (1 ለ 1 ፍጹም መጣጣም ነው)። ኦፕሬተሩ ታዲያ ሁለቱን የሚያጣጥመውን ቱነር ይጫናል። ቱነሩ ሜትሩን ወደ 1 ለ 1 ይመልስለታል፤ ማስጠንቀቂያው ጠፋ ማለት ነው። ከ100 ዋቱ 50ው ወደ አንቴናው፣ 50ው አጠገቡ ወዳለው መቀበያ ይሄዳል። ከዚያ በኋላ «ሬዲዮው መስማት አቆመ» ይባላል።

አንቴናውን ከአንዱ ሬዲዮ ጋር ብቻ የሚያገናኝ፣ በእጅ የሚዞር የኮአክሲያል (የአንቴና ገመድ) ስዊች ይሻላል። ገዢው ግን ሁልጊዜ የሚጠይቀው «ስንት ዋት ይችላል?» ብሎ ነው። ዋናው ቁጥር አይሶሌሽን ነው፤ ወዳልተመረጠው ሬዲዮ ምን ያህል ሾልኮ እንደሚያልፍ የሚነግረን እሱ ነው። የሚለካው በዴሲቤል ነው፤ በየ10 ዴሲቤሉ የሚሾልከው ኃይል በአሥር እጥፍ ያንሳል። በ100 ዋት ስናሰላው 30 ዴሲቤል ያለው 100 ሚሊዋት ያሳልፋል፤ 50 ያለው 1 ሚሊዋት፤ 60 ያለው የሚሊዋት አንድ አሥረኛ። እኔ ከ1 ሚሊዋት በላይ የሚያሳልፍ ስዊች አልገዛም። የትኛው ፍሪኩዌንሲ ላይ እንደተለካም ይጠየቅ፤ በ7 ሜጋኸርዝ አስተማማኝ የሆነው በ430 ላይ ወንፊት ሊሆን ይችላል።

ሻጩ ካላወቀ መለካት ነው። ናኖ ቪኤንኤ (ትንሽ የሬዲዮ መለኪያ መሣሪያ) ያለው ሰው በአንቴናው ቦታ የ50 ኦም ሎድ (አንቴናውን የሚተካ ሬዚስተር) ይሰካ፤ የመሣሪያውን ሁለት ፖርቶች በሁለቱ ሬዲዮዎች ቦታ አስገብቶ ኤስ21ን (ከአንዱ ፖርት ወደ ሌላው የሚያልፈውን መጠን) በሚሠራባቸው ባንዶች ሁሉ ያንብብ፤ ስዊቹን አዙሮም ይድገመው። ናኖ ቪኤንኤ የሌለው ሁለት ባለ 100 ኦም፣ ሩብ ዋት ሬዚስተሮችን በትይዩ ያያይዝ፤ ከአሮጌ ሬዲዮ የወጣ የጀርማኒየም ዳዮድና 10 ናኖፋራድ ካፓሲተር ጨምሮ በቴስተር ዲሲ ቮልት ይለካ። ሲሊከን ዳዮድ አይሆንም፤ ከግማሽ ቮልት በታች ያለውን ይደብቃል። ሁለተኛው ሬዲዮ ይነቀልና መለኪያው በቦታው ይግባ፤ በአንቴናው ቦታ ደሚ ሎድ (የማሰራጫውን ኃይል የሚሸከም የ50 ኦም ሎድ) ይሁን። በ5 ዋት ይጀመር፤ እዚያው ላይ ግማሽ ቮልት ከታየ ስዊቹ አይረባም፤ ኃይል መጨመርም አያስፈልግም። በ100 ዋት ቁጥሩ ከዜሮ እምብዛም ካልተነሳ ደህና ነው።

ጥሩ ስዊችም ቢሆን ከእጅ ስህተት አያድንም። እየተሰራጨ ሳለ ማዞር መጋጠሚያዎቹን በብልጭታ ይበላል፤ ባልተመረጠው ሬዲዮ ፒቲቲ (የማሰራጫ ቁልፉን) መጫን ደግሞ የውጤት ትራንዚስተሮቹን ያስጨንቃል። መፍትሔው የ12 ቮልት የኮአክሲያል ሪሌይ (በኤሌክትሪክ የሚዞር ስዊች) እና ባለ ሁለት ፖል (ሁለት መስመር በአንድ ጊዜ የሚቀይር) ማብሪያ ነው፦ አንዱ ፖል ሪሌዩን ያንቀሳቅሳል፣ ሌላው የፒቲቲውን መስመር ለተመረጠው ሬዲዮ ብቻ ያገናኛል። በሪሌዩ ጠምዛዛ ላይ 1ኤን4007 ዳዮድ፣ ቀለበት ያለው ጫፍ ወደ ፖዘቲቭ፣ ይግባ። አንድ ቀዳዳ ግን ይቀራል፦ ቮክስ (በድምፅ ብቻ ስርጭት የሚያስጀምረው)፣ የቱነር ቁልፍና የኮምፒውተር ትእዛዝ በፒቲቲ ገመድ አያልፉም። ቮክሱ ይጥፋ፤ ሬዲዮው ስርጭት የሚከለክል መግቢያ ካለው ሁለተኛው ፖል በፒቲቲው ፈንታ ወደዚያ ይሂድ።

ሁለቱን ሬዲዮዎች በአንድ ጊዜ መጠቀም የሚፈልግ ስዊች አያገለግለውም። በ144 እና በ430 ሜጋኸርዝ ለሚሠራ ባለ ሁለት ባንድ አንቴና ዲፕሌክሰር (ሁለት ባንዶችን የሚለያይ ማጣሪያ) በቂ ነው፤ በ14፣ በ21 እና በ28 ላይ ትሪፕሌክሰር (ሦስት ባንዶችን የሚለያይ) እና ለእያንዳንዱ ሬዲዮ የራሱ ባንድ ፓስ ፊልተር (የራሱን ባንድ ብቻ የሚያሳልፍ ማጣሪያ) ያስፈልጋል። በአንድ ባንድ ላይ ሁለቱን አብሮ ማሠራት ግን አይታሰብ። በክረምት ነጎድጓድ ሲመጣ ስዊቹን ወደ መሬት ማዞር መከላከያ አይደለም፤ ገመዱ ይነቀል።

«እኔ ሁለት አንቴና አለኝ፣ አይመለከተኝም» የሚልም አይጠፋም። በአንድ ጣሪያ ላይ የተጠጋጉ፣ ለአንድ ባንድ የተሠሩ ሁለት አንቴናዎች መካከል ያለው አይሶሌሽን 20 ዴሲቤል ብቻ ከሆነ ከ100 ዋት 1 ዋት ወደ ሁለተኛው ይገባል፤ ይህም ባለ 30 ዴሲቤሉ መጥፎ ስዊች ከሚያሳልፈው አሥር እጥፍ ነው። ከላይ ያልኩት መለኪያ በሁለተኛው አንቴና ገመድ ጫፍ ላይም ይሠራል። በ5 ዋት ብቻ ይለካ፤ ሁለቱ ሬዚስተሮች አንድ ላይ ከግማሽ ዋት በላይ አይሸከሙም።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአማተር ሬዲዮ ወዳጅ