ፊልሙ የት ደረሰ? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። «ፊልሙ የት ደረሰ?» የሚል ጥያቄ በተደጋጋሚ ይደርሰናል። አንዳንዶቻችሁ በትህትና፣ አንዳንዶቻችሁ ቆጣ ብላችሁ ጠይቃችኋል። ሁለቱም ተገቢ ነው። ቀድማችሁ ከፍላችኋል፣ የተባለው ቀንም አልፏል። ስላስጠበቅናችሁ ይቅርታ እንጠይቃለን። «በቅርብ ቀን ይጠብቁን» ብለን ከምናልፍ ነገሩን ከሥሩ ብናስረዳችሁ ይሻላል አልን። ደብዳቤው ትንሽ ረዘም ይላል። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

እንደምታውቁት ፊልማችን የአንድ ቀን ታሪክ ነው፤ የኦክቶበር 14 ቀን 1943። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ያን ቀን 291 የአሜሪካ ቢ-17 ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ከእንግሊዝ ተነስተው ጀርመን ውስጥ ወዳለችው ሽቫይንፈርት ከተማ አቀኑ። ዒላማቸው የኩሽኔታ ፋብሪካዎች ነበሩ። አጃቢ ተዋጊዎቹ ነዳጃቸው ስለማያደርሳቸው ከመንገድ ተመለሱ። የቀረውን መንገድ ቦምብ ጣዮቹ ብቻቸውን ሄዱ። 60ዎቹ አልተመለሱም። በአንድ ቢ-17 ውስጥ ደግሞ እንደ ደንቡ 10 ሰው ነው የሚሳፈረው።

ታዲያ ምን ያዘን? ገንዘብ። ግን ችግሩ የገንዘቡ ማነስ ብቻ አይደለም። የባሰው ገንዘቡ ተራውን ጠብቆ አለመምጣቱ ነው።

ባለሀብቱ እጁን ወደ ኪሱ ከመስደዱ በፊት አከፋፋይ መኖሩን ማረጋገጥ ይፈልጋል። አከፋፋዩ ደግሞ «እስቲ የተቀረጸ ነገር አሳዩኝ» ይላል። ለመቅረጽ አውሮፕላን መነሳት አለበት። አውሮፕላን እንዲነሳ ኢንሹራንስ ያስፈልጋል። የኢንሹራንሱ ክፍያ ያለው ባለሀብቱ ኪስ ውስጥ ነው። ሁሉም «እኔ ዝግጁ ነኝ፣ እነሱን ጠይቁ» ይላል። እንዲህ እየተባባልን ዓመት ያልፋል። አንድ ጊዜ ነገሩ የተፈታ መስሎን ነበር። ስሙን የማንጠቅሰው አንድ አከፋፋይ በቃል ተስማማ፤ እኛም ቀረጻውን ማዘጋጀት ጀመርን። ኋላ ላይ የዓመቱን ዕቅድ ሲከልስ የጦርነት ፊልሞችን ቀነሰ፣ እኛም አብረን ተቀነስን። የተፈረመ ነገር ስላልነበረ ክርክር ውስጥ አልገባንም።

ይህ እኛ ላይ ብቻ የደረሰ አይደለም። ጆርጅ ሉካስ ስለ ጥቁር አሜሪካውያን ተዋጊ አብራሪዎች ያሠራውን «ሬድ ቴይልስ» ያሰበው በ1980ዎቹ መጨረሻ ነው። ሲኒማ ቤት የገባው በ2012። ስቱዲዮዎቹ ገንዘብ ለማውጣት ፈቃደኛ ስላልሆኑ 58 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሆነውን ወጪ ከራሱ ሸፈነ። ልብ በሉ፣ «ስታር ዋርስ»ን የፈጠረ ሰው ነው። እሱ እምቢ ከተባለ እኛ «ቆዩ» መባላችን ምን ይገርማል? ስለ እነዚሁ ቢ-17ዎች የተሠራው «ማስተርስ ኦቭ ዘ ኤር» የተባለው ተከታታይ ፊልምም በእጁ ገንዘብም ስምም ነበረው። ሊሠራ ነው ተብሎ በ2013 ተወራ፤ ለተመልካች የደረሰው በጃንዋሪ 2024 ነው።

ባለሀብቶች የሚፈሩበት ምክንያትም አላቸው። በ1969 የወጣው «ባትል ኦቭ ብሪትን» ወደ 100 የሚጠጉ እውነተኛ አውሮፕላኖች ተሰብስበውለት፣ ታዋቂ ተዋንያን ተሰልፈውለት፣ ሲኒማ ቤት ሲገባ ወጪውን መመለስ አቃተው። ዛሬ ሰው ሁሉ የሚያደንቀው ፊልም ነው። አድናቆት ግን የባንክ ዕዳ አይከፍልም።

ያ ፊልም ሌላም ነገር ያስታውሰናል። የጀርመኖቹን ሄንከል ቦምብ ጣዮች የተኩት ስፔን ውስጥ በፈቃድ የተመረቱ አውሮፕላኖች ነበሩ። በጊዜው የስፔን አየር ኃይል ገና በእጁ ነበሩ። መከራየት ይቻል ነበር። ዛሬ ከዚያ ዝርያ የሚበር አንድም የለም፤ የመጨረሻው በ2003 አሜሪካ ውስጥ ተከስክሶ ሁለቱም አብራሪዎቹ ሞቱ። ስቱካ የሚባለው ታዋቂው የጀርመን ቦምብ ጣይም ከ5,000 በላይ ተመርቶ ዛሬ ሙሉ አካሉ የተረፈው ሁለት ነው። ሁለቱም ሙዚየም ውስጥ ቆመዋል።

ወደ ራሳችን ጉዳይ እንመለስ። ቢ-17 በጠቅላላው 12,731 ተመርቷል። ዛሬ መብረር የሚችሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። በኦክቶበር 2019 አንዱ አሜሪካ ውስጥ ለማረፍ ሲሞክር ተከሰከሰ፤ 7 ሰው ሞተ። በኖቬምበር 2022 ዳላስ ላይ በአየር ትርኢት መካከል ሌላ ቢ-17 ከአንድ ተዋጊ አውሮፕላን ጋር ተጋጭቶ 6 ሰው ሞተ። በ2023 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የቀሩት ቢ-17ዎች የክንፍ መጋጠሚያቸው እንዲመረመር አዘዘ። ትክክለኛ እርምጃ ነው፤ ብረቱ 80 ዓመት አልፎታል። እኛ ግን አሁን የምንጠብቀው የአንድ አውሮፕላን ባለቤቶችን ሳይሆን የመካኒክ፣ የመርማሪና የኢንሹራንስ ሰዎችን ሰልፍ ነው። ኢንሹራንሱም ከአደጋዎቹ በኋላ ዋጋውን ብቻ አይደለም ያጠበቀው። ስንት ሰው እንደሚሳፈር፣ ምን ያህል ዝቅ ብሎ መብረር እንደሚቻል፣ ሌላ አውሮፕላን ምን ያህል ሊጠጋው እንደሚችል፣ ሁሉንም ይጠይቃል። የፊልም ቀረጻ ደግሞ የሚፈልገው ይህንኑ መጠጋጋት ነው።

«አንድ ቀን ብቻ ተከራይታችሁ ጨርሱታ!» ያላችሁን ደንበኞች አንረሳም። እስቲ አንዱን ቀን እንየው። ቢ-17 አራት ሞተር አለው። እያንዳንዱ ሞተር ዘጠኝ ሲሊንደር በክብ የተደረደሩበት ነው። አውሮፕላኑ ቆሞ ሲያድር ዘይት ወደ ታችኞቹ ሲሊንደሮች ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት ሞተር ከመነሳቱ በፊት ሰዎች የፕሮፔለሩን ምላጭ በእጃቸው እየገፉ ያዞሩታል። አንዱ ገፍቶ ሲለቅ ሌላው ይቀበለዋል። በአራቱም ሞተር ላይ እንዲሁ ይደረጋል። ይህ ተዘልሎ ሞተሩ ቢነሳ ዘይቱ ፒስተኑን አግዶ ሞተሩን ሊሰብረው ይችላል። ከዚያ ማሞቅ፣ ግፊቱን ማየት፣ ማኮብኮብ አለ። የካሜራው አውሮፕላንም በጎን ተነስቶ ከፍታውን መያዝ አለበት። ሁለቱ ተገናኝተው ጎን ለጎን እስኪስተካከሉ ነዳጅ እየነደደ ነው፤ ቢ-17 ብቻውን በሰዓት 200 ጋሎን ገደማ ይጠጣል። ገና አንድም ነገር አልተቀረጸም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደግሞ ሰማዩ ጥርት ብሎ ሊጠብቃችሁ ይችላል። ሰው ጥርት ያለ ሰማይ ለቀረጻ ጥሩ ይመስለዋል። አይደለም። ከጀርባው ደመና የሌለው አውሮፕላን በፊልም ላይ ሲታይ የተሰቀለ ነው የሚመስለው፤ ፍጥነቱ አይታይም። በ1927 የወጣው «ዊንግስ» ዳይሬክተር ዊሊያም ዌልማን ደመና ካልመጣ አልቀርጽም ብሎ ቴክሳስ ላይ ሁሉን አስቁሞ ጠብቋል። ስቱዲዮው በወጪው ተንጨረጨረ። እሱ አልተነቃነቀም። ፊልሙ የመጀመሪያውን የኦስካር ምርጥ ፊልም ሽልማት አገኘ። እኛ የዌልማን አቅም የለንም። ደመና ስንጠብቅ የኪራይ ሂሳቡ ይቆጥራል።

«ለምን ሁሉን በኮምፒውተር አትሠሩትም?» የሚለውም ብዙ ጊዜ ይነሳል። ከፊሉን እንሠራለን። 291 ቦምብ ጣይ በሌላ መንገድ ሰማይ ላይ ሊታይ አይችልም። እንዲያውም እውነተኛውን ብናገኝም ኮምፒውተር አይቀርልንም። ዛሬ የሚበሩት ቢ-17ዎች በብዛት የጂ ሞዴል ናቸው፤ አፍንጫቸው ሥር ባለ ሁለት አፈሙዝ መትረየስ ተንጠልጥሏል። በዚያ የኦክቶበር ቀን ከነበሩት አብዛኞቹ ግን ያ መትረየስ የሌላቸው የኤፍ ሞዴል ነበሩ። በእያንዳንዱ ምስል ላይ እሱን መደምሰስ አለብን። ካልደመሰስን ከእናንተ መካከል ማን እንደሚጽፍልን ከወዲሁ እናውቃለን።

ሁሉን ነገር በኮምፒውተር ማድረግ ግን ሌላ ጣጣ አለው። ኮምፒውተር ላይ አውሮፕላን ክብደት የለውም። ባለሙያው ካልተጠነቀቀ ከባዱ ቦምብ ጣይ እንደ ወፍ እጥፍ ይላል። ዓይናችሁ ምክንያቱን ባያውቀውም ውሸት መሆኑን ያውቃል። ጥሩ አድርጎ የሚሠራ ባለሙያ ደግሞ ርካሽ አይደለም። ስለዚህ የያዝነው አቋም ይህ ነው፦ ሞተሩ ሲነሳ፣ ሲያኮበኩብና ከመሬት ሲለቅ እውነተኛ አውሮፕላን፤ ከደመና በላይ ያለው ሰልፍ በኮምፒውተር፤ የሰዎቹ ፊት መሬት ላይ በተሠራ ኮክፒት ውስጥ። የሞተሩን ድምፅም ከእውነተኛው እንቀዳለን። ለእሱ ቢያንስ መብረር አያስፈልግም።

ሥራው ሙሉ በሙሉ ቆሟል ማለት ግን አይደለም። የማኅደር ፊልሞቹ ላይ እየሠራን ነው። የአሜሪካ ጦር ካሜራማኖች የቀረጹት ብዙው በአሜሪካ ብሔራዊ ማኅደር ይገኛል፤ የመንግሥት ሥራ ስለሆነ የቅጂ መብት ክፍያ የለበትም። በጥሩ ጥራት ማስገልበጡ ግን ያስከፍላል። የግል ማኅደሮች ደግሞ በሴኮንድ ሂሳብ ያስከፍላሉ። ከዚያ ማጣራት ይመጣል። ለምሳሌ በጣም የሚያምር የተዋጊ አውሮፕላን ምስል እናገኛለን። ክንፉ ላይ ጥቁርና ነጭ መስመር ተቀብቶ ካየን ወዲያው እናስቀምጠዋለን። ያ ቀለም የተቀባው በጁን 1944 ለኖርማንዲ ወረራ ነው። በ1943 ታሪክ ውስጥ ቦታ የለውም። በተዋጊዎች ላይ የተገጠመው ካሜራ ደግሞ የሚሠራው በተኩስ ጊዜ ስለሆነ ቅጂዎቹ ጥቂት ሴኮንዶች ብቻ ናቸው። ድምፅ የላቸውም። መለያ ጽሑፋቸውም ሁልጊዜ አይታመንም።

በእጃችን የነበረውን ገንዘብ በቅድሚያ ያዋልነው ለምስክሮች ነው። በ1943 የ20 ዓመት ወጣት የነበረ ሰው ዛሬ 100 አልፎታል። በ1942 በጂሚ ዱሊትል መሪነት ቶኪዮን ከመቱት አሜሪካውያን የመጨረሻው፣ ሪቻርድ ኮል፣ በ2019 አረፈ። በ1943 የጀርመንን ግድቦች ከመቱት የብሪታንያ አየር ኃይል ሰዎች፣ ከዳምባስተሮቹ፣ የመጨረሻው ጆርጅ ጆንሰን በ2022 ሄደ። በብሪታንያ የአየር ውጊያ ከተሳተፉት አብራሪዎች የመጨረሻው ጆን ሄሚንግዌይ በማርች 2025 በ105 ዓመቱ አረፈ። አውሮፕላን ቢዘገይ በሚመጣው ዓመት ይቀረጻል። ሰው ግን አይጠብቅም። ስለዚህ ቃለ መጠይቆቹን ከኢንሹራንሱ በፊት አስቀደምናቸው። ባለሀብቶች ፊት ይህ ቅደም ተከተል ሞገስ አላስገኘልንም። «የተቀረጸ አሳዩን» ሲሉ የፈለጉት የሚበር አውሮፕላን እንጂ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ አልነበረም።

ስለ ገንዘባችሁ በግልጽ እንናገር። የቃለ መጠይቆቹና የማኅደሩ ወጪ የተሸፈነው ከቀድሞ ፊልሞቻችን ሽያጭ ነው። የእናንተ ቅድሚያ ክፍያ በተለየ ሂሳብ ተቀምጧል፤ አልተነካም። መልሱልኝ የሚል ሰው ሙሉውን እንመልሳለን። ምክንያት አንጠይቅም። በከፈላችሁበት መንገድ ስማችሁንና የትዕዛዝ ቁጥራችሁን ብቻ ላኩልን። መጠበቅ የምትፈልጉ ደግሞ ምንም ማድረግ አይጠበቅባችሁም። ዋጋው ቢጨምር እንኳ እናንተን አይመለከትም። የቃለ መጠይቆቹ ረጅም ቅጂ ተቀናብሮ ሲያልቅ፣ ዋናው ፊልም ሳይወጣ በፊት፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ይደርሳችኋል።

«ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ነው፣ እኛ እናዋጣ» ያላችሁን ከልብ እናመሰግናለን። ለጊዜው ግን አንቀበልም። መዋጮ ለድምፅ ሥራ፣ ለቅንብር፣ ለማኅደር ቅጂ ይጠቅማል። ኢንሹራንሱ ሳይፈረም የሚሰበሰብ ገንዘብ ግን ባንክ ውስጥ ቁጭ ከማለት በቀር ሥራ የለውም። በዚያ ላይ እናንተን ሌላ ቀን ያስጠብቃችኋል። ፊርማው ካለቀና ጥቂት ከጎደለን እኛው እንጠይቃችኋለን።

አሁን አዲስ ቀን አንነግራችሁም። ቀን የምንነግራችሁ የኢንሹራንሱ ውል ተፈርሞ፣ የምንከራየው አውሮፕላን የክንፍ ምርመራውን አልፎ ወረቀቱን ስናይ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲሆን ወዲያው እንጽፍላችኋለን። ምንም ባይሆንም «ምንም የለም» ብለን እንጽፋለን።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የፊልም ዝግጅት ክፍሉ

ማሳሰቢያ፦ ፖስተር ያዘዛችሁ ደንበኞች፣ ፖስተሩ ከፊልሙ ጋር አይያያዝም፤ ይላክላችኋል። ካዘዛችሁ በኋላ አድራሻ የቀየራችሁ ብቻ አሳውቁን። አፍንጫው ሥር ያለው መትረየስ ፖስተሩ ላይም ጠፍቷል።