ልጄ፣ የሪካርዶን ሥራ ሙሉውን እይው

ውድ ልጄ፣

እንደምን ሰነበትሽ? እግዚአብሔር ይመስገን እኛ ሁላችንም ደህና ነን። የምታደንቂው በረኛ ፖርቱጋላዊው ሪካርዶ መሆኑን እናትሽ ነገረችኝ። በምርጫሽ ደስ ብሎኛል። ብዙ ሰው ግን የሚያውቀው የመለያ ምቱን ብቻ ነው፤ አንቺ በረኛ ስለሆንሽ የቀረውንም ልታዪው ይገባል።

እ.ኤ.አ. ጁን 24 ቀን 2004 በአውሮፓ ዋንጫ ሩብ ፍጻሜ ሊዝበን ላይ ፖርቱጋልና እንግሊዝ 2 ለ 2 ተለያዩና ወደ መለያ ምት ሄዱ። ቤካም ወደ ሰማይ ሰደደው፣ ሩይ ኮስታም ሳተ። እንግሊዛዊው ዳሪየስ ቫሴል ሊመታ ሲመጣ ሪካርዶ ጓንቱን አወለቀ፣ በባዶ እጁ አዳነ፣ ከዚያም ራሱ መትቶ የእንግሊዙ በረኛ ዴቪድ ጄምስ ላይ አገባ። 6 ለ 5። ጓንት ማውለቁን አንቺ አትቅጂው። የጓንቱ ላቲክስ (ጎማ) ኳስ ይይዝልሻል፣ ጣትሽንም ይጠብቃል።

ከእሱ መማር ያለብሽ የ2006ቱን፣ ጀርመን ጌልሰንኪርሸን ላይ እንደገና ከእንግሊዝ ጋር የተደረገውን ጨዋታ ነው። የላምፓርድን፣ የጄራርድንና የካራገርን አድኖ በዓለም ዋንጫ የመለያ ምት ሦስት ያዳነ የመጀመሪያው በረኛ ሆነ። ዳኛው ፊሽካ ሳይነፉ ካራገር መትቶ አግብቶ ነበር፤ አስደገሙት። ሪካርዶ በገባችው ኳስ ልቡ ሳይከፈል ቦታው ተመለሰ፤ ሁለተኛዋን ነክቶ ወደ አግዳሚው ላካት። እኔ ከጓንቱ ይልቅ ይቺን አስበልጣለሁ።

ኳሷ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ብትመጣ 11 ሜትሩን የምትጨርሰው በ0.4 ሰከንድ ገደማ ነው። ከተመታች በኋላ አስቦ መድረስ አይቻልም፤ ቀድሞ መውደቅ ደግሞ መቺው አይቶ በሌላኛው ጥግ እንዲያስቀምጣት መንገድ መስጠት ነው። ስለዚህ የመቺውን የቆመ እግርና ዳሌ ተመልከቺ፤ እግሩ መሬት ሲረግጥ ተነሺ። ያን ጊዜ ቢያንስ የአንድ እግርሽ ክፍል መስመሩ ላይ፣ ከመስመሩ ትይዩ ወይም ከኋላው ይሁን። አለበለዚያ ያዳንሻት ምት ትደገማለች።

አሁን ደግሞ የሚከብደውን ልንገርሽ። ሪካርዶን የጎዱት ተሻጋሪ ኳሶች ናቸው። በ2004 የአውሮፓ ዋንጫ የፍጻሜ ጨዋታ በ57ኛው ደቂቃ የግሪኩ ካሪስቴያስ ከማዕዘን ምት በግንባሩ አገባ፣ ግሪክ 1 ለ 0 አሸነፈች። በ2008 የአውሮፓ ዋንጫ ጀርመን ፖርቱጋልን 3 ለ 2 ስታሸንፍም ክሎዘና ባላክ ከሽቫይንሽታይገር ቅጣት ምቶች በግንባር አገቡ። የብሔራዊ ቡድን ዘመኑም በዚያው ዓመት አበቃ። የተከላካዮቹ ጥፋት የለም አልልም፤ ባላክ ራሱ ተከላካዩን ገፍቶ ነበር። ቢሆንም ከግቡ ፊት ያለው አየር የበረኛ ነው። የፖርቱጋል አሰልጣኝ የነበረው ስኮላሪ በዚያው በ2004 ከፖርቶ ጋር የአውሮፓን ሻምፒዮንስ ሊግ ዋንጫ ያነሳውን ቪቶር ባያን ትቶ ሪካርዶን ሲመርጥ የተነሳው ክርክር እስከ ዛሬ ያልበረደው አለምክንያት አይደለም።

ማዕዘን ምት ሲመታ ከመስመሩ አንድ ሜትር ያህል ወጥተሽ፣ ከመሃል ትንሽ ወደ ሩቁ ቋሚ ጠጋ ብለሽ ቁሚ፤ ደረትሽ ወደ ሜዳው ይከፈት እንጂ ወደ መቺው ብቻ አይዙር። ኳሷ ስትነሳ በረራዋን አንብቢ፤ ቀድሞ የሮጠ በረኛ መሃል መንገድ ላይ ይቆማል፣ መመለስም መድረስም ያቅተዋል። ከወሰንሽ «የኔ!» በይና በአንድ እግር ዝለይ፣ በተቃራኒ ተጫዋች በኩል ያለውን ጉልበትሽን አንሺ፣ ኳሷን ከፊትሽ በከፍተኛው ቦታ ያዣት። ሰው ከበዛ ለመያዝ አትታገይ፤ በሁለት ጡጫ ወደ ላይና ወደ ጎን፣ ከሳጥኑ ውጭ ምቻት። ወደ መሃል የተመታች ኳስ ለሁለተኛ ምት ትመለሳለች። ካልወሰንሽ ደግሞ መስመርሽ ላይ ቆይተሽ ለግንባር ኳሱ ተዘጋጂ።

ልምምድሽን ሰው በሌለበት አትጀምሪው። ሁለት ተጫዋቾች ከፊትሽ ቆመው እየገፉሽ፣ ከግራም ከቀኝም ይሻገርልሽ፤ ወደ ግብ የምትጠመዘዘውንና ከግብ የምትርቀውን እኩል አስመቺ። የመለያ ምቱን በመጨረሻ፣ እግርሽ ሲደክም ተለማመጂ፤ በጨዋታም ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ከ120 ደቂቃ በኋላ ነው።

አባትሽ