ጉዳዩ፦ ስለተሸጠልኝ የተሳሳተ ፎም፣ ማስቲሽና ቡሽ ቅሬታ ስለማቅረብ

ለመደብሩ የደንበኞች አገልግሎት ክፍል
አዲስ አበባ

ባለፈው ወር ከመደብራችሁ ፎም፣ ማስቲሽና ሁለት ጥቅል ቡሽ ገዝቻለሁ። ሁሉም ለአንድ ሥራ ነበር። ቤቴ ውስጥ የድሬዳዋን ባቡር ጣቢያ 87 ጊዜ አሳንሼ እየሠራሁ ነው። አባቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ነበር። እኔም የባቡር ጥሩምባ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሥራው ለኔ ትልቅ ነገር ነው።

ሻጫችሁን ያነጋገርኩት ተዘጋጅቼ ነው። ከሥር 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ አለኝ። በላዩ 5 ሴንቲሜትር ፎም ያስፈልገኛል፤ በድሬዳዋ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ ልቀርጽበት። ወንዙ ከሐዲዱ በታች ዝቅ ማለት አለበት፣ ኮምፔንሳቶ ደግሞ እንደዚያ አይቆፈርም። ለዚህ የሚሆነው ጥቅጥቅ ያለው፣ ብዙ ጊዜ ሰማያዊ ወይም ሮዝ የሆነው ፎም ነው። በቢላ ሲቆረጥ ጠርዙ ንጹሕ ይወጣል። ይህን ሁሉ አስረዳሁት። "አለን" ብሎ ሂሳብ ተቀበለኝ። ቤቴ የደረሰው ግን ቴሌቪዥን የሚታሸግበት ነጭ ፎም ነው። ቢላ ሳስነካው ፍሬ ፍሬው እየተፈረፈረ ምንጣፉን፣ ልብሴን፣ የልጄን ፀጉር ሳይቀር ሞላው። መልሼ የምጭንበት መኪና ስላላገኘሁ በሱው ልሥራ አልኩ።

የባሰው ማስቲሹ ነው። እኔ የእንጨት ኮላ ልወስድ ነበር። ሻጩ "ኮላ ቶሎ አይደርቅም፣ ማስቲሽ ይሻልሃል" አለኝ። ለፎም መሆኑን እያወቀ ነው ይህን ያለኝ። የማስቲሹ ማሟሟያ ፎም ይበላል። ቀብቼ ትንሽ ሳልቆይ ፎሙ እንደ እንጀራ ዓይን ተበሳሳ፣ ከዚያ ወደ ውስጥ ሰመጠ። ጣቢያው የሚቆምበት ቦታ ላይ ጡጫዬ የሚገባበት ጉድጓድ ቀረ። የሦስት ቅዳሜ ሥራ ነው የሄደው።

ቡሹን ከሐዲዱ ሥር የማነጥፈው ድምፅ እንዲቀንስና መስመሩ ከመሬቱ ከፍ እንዲል ነው። ከጣቢያው ወጣ ብሎ ባለው መስመር ኮምፔንሳቶው ላይ በቀጥታ አንጥፌው ነበር። ሁለቱም ጥቅል ላይ 5 ሚሊሜትር የሚል ወረቀት ተለጥፏል። በካሊፐር ስለካው አንዱ 3 ነው። 2 ሚሊሜትር ምን አላት ትሉ ይሆናል። በ87 ስታባዙት በእውነተኛው የባቡር መስመር ላይ ወደ 17 ሴንቲሜትር የሚጠጋ ደረጃ ማለት ነው። ሎኮሞቲቩ ሁለቱ ቡሾች የሚገናኙበት ቦታ በደረሰ ቁጥር የፊት ጎማው ከሐዲድ ይወጣል። ትክክለኛው 5 ሚሊሜትር ጥቅል ግን ጥሩ ቡሽ ነው፤ በሱ ቅሬታ የለኝም።

ስለዚህ የፎሙና የማስቲሹ ገንዘብ ይመለስልኝ። ቀጭኑ ቡሽ በ5 ሚሊሜትር ይቀየርልኝ፤ ስትሰጡኝም እዚያው ፊቴ ይለካ። ማስቲሽ ለፎም እንደማይሆን ደግሞ መደርደሪያው ላይ ጻፉበት፣ ለሻጮቻችሁም ንገሯቸው። ነገ ጣሪያውን በፎም የሚያለብስ ሰው ይኸው ምክር ቢሰጠው ጉዳቱ ከኔ ይበልጣል።

ደረሰኙንና የተበላሸውን ፎም ፎቶ አያይዣለሁ። የተረፈውን ማስቲሽና ቀጭኑን ቡሽ ቅዳሜ ጠዋት ይዤ እመጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ደንበኛችሁ