የአየር ጠባይ ክበብ፦ የደሴ ዝናብና የሙምባይ ዝናብ ወር በወር

ክበባችን ዘንድሮ ሁለት ሥራ ይዞ ነበር። አንደኛው ደሴ በሚገኘው የትምህርት ቤታችን ግቢ የሚዘንበውን ዝናብ በየጠዋቱ ለክቶ መመዝገብ ሲሆን፣ ሁለተኛው የደሴን ዝናብ ዝናብ ከሚበዛበት የባሕር ጠረፍ ጋር ወር በወር ማስተያየት ነው። ለማስተያየት የተመረጠችው በሕንድ ምዕራብ ጠረፍ የምትገኘው ሙምባይ ናት። እሷም እንደኛ ክረምት የሚባል ወቅት አላት።

የዝናብ መለኪያው የተሠራው ከባለ 2 ሊትር ሃይላንድ ነው። አንገቱ ከሰፊው ቦታ ላይ ይቆረጥና ተገልብጦ እንደ ማንቆርቆሪያ (ፈነል) ታችኛው ክፍል ውስጥ ይገባል። ግርጌው ጎርባጣ ስለሆነ በማስመሪያ ማንበብ ያሳስታል፤ ስለዚህ የተጠራቀመው ውሃ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ይለካል። የአፉ ስፋት ከዳር እስከ ዳር 10 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 7.85 ሚሊ ሊትር ውሃ ይሰጣል። 94 ሚሊ ሊትር ከተገኘ 12 ሚሊ ሜትር ዘንቧል ማለት ነው። የአፉን ስፋት መለካት ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ 10 የሆነው 9.5 ተብሎ ከተወሰደ ዓመቱን ሙሉ ዝናቡ ከ10 በመቶ በላይ በዝቶ ይመዘገባል።

ቦታውም ይወስናል። ከመማሪያ ክፍሉ ግድግዳም ሆነ ከባሕር ዛፉ ያለው ርቀት ቢያንስ የከፍታቸውን እጥፍ መሆን አለበት። ጣሪያ ላይ ማስቀመጥ አይመከርም፤ ነፋሱ ጠብታውን እያሻገረ ይወስደዋል። ንባቡ ሁልጊዜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። በረዶ ከወረደ የተለካ ሙቅ ውሃ ጨምሮ ማቅለጥ፣ ከዚያ የተጨመረውን መቀነስ ነው። ቅዳሜና እሑድ ያልተነበበ ቀን ዜሮ ተብሎ አይጻፍም። ዜሮ ማለት «አይቼ ነበር፣ አልዘነበም» ማለት ነው፤ ያልታየ ቀን ሰረዝ ይደረግበትና የሰኞው ንባብ የሦስት ቀን ድምር መሆኑ በጎኑ ይጻፋል።

ማስተያየቱ ላይ ቀድሞ የመጣው ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። የሕንድ ሠንጠረዥ የተዘጋጀው በጃንዋሪና በፌብሩዋሪ ነው። ጁላይን «ሐምሌ» ብሎ መውሰድ የመጀመሪያዎቹን 7 ቀናት ከሰኔ ይቀማል። ሐምሌ 1 ጁላይ 8 ላይ ይውላልና። በሰኔና በሐምሌ መካከል ያለ ሳምንት ደግሞ በወሎ ቀላል ሳምንት አይደለም። በዚህ ምክንያት ክበቡ የዕለቱን ንባብ በሁለቱም አቆጣጠር ይመዘግባል፤ የወር ድምር የሚሠራው ግን በፈረንጁ ወር ነው።

ግራፉ ሲሳል የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ቁልጭ ብሎ ይታያል። የደሴው ሁለት ጉብታ አለው። ትንሹ በልግ ነው፤ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ አንዳንዴም እስከ ግንቦት፣ ከምሥራቅና ከደቡብ ምሥራቅ ከሕንድ ውቅያኖስ በኩል በሚመጣ እርጥብ ነፋስ የሚዘንብ። ከዚያ ሰማዩ ይከፈትና ሰኔ ይደርቃል፤ ትልቁ ጉብታ በሐምሌና በነሐሴ ይመጣል። ሙምባይ በልግ የላትም። ከኅዳር እስከ ግንቦት አጋማሽ ድረስ ዝናቧ ከምንም አይቆጠርም፤ ግንቦት በወበቅ ያፍናል፤ ከዚያ በሰኔ መጀመሪያ ሳምንት ግድም ክረምቱ በአንድ ጊዜ ይገባል። የጁላይ ድምር ብቻውን ከ800 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ክረምቱ የሚወጣው በመስከረም መጨረሻ ነው። እኛ ዘንድ ሰኔ ደርቆ ገበሬው ሰማይ ሰማይ በሚያይበት ሰሞን እዚያ መንገዱ ጎርፍ ነው።

ይህን ልዩነት የዓመት ድምር አያሳይም። በወሎ የደላንታና የመቅደላ ደጋ ገበሬ በበልግ ገብስ ነው የሚኖረው፤ በልጉ ከቀረ የክረምቱ ዝናብ ቢትረፈረፍም የበልጉን ማሳ አይመልስም። ስለ ወሎ ዝናብ የሚጻፍ ነገር ሁሉ ወሩን ለይቶ ቢጻፍ መልካም ነው።

ነፋሱም ያገናኘናል። በክረምት ከደቡብ የሚነሳው ነፋስ የምድር ወገብን ኬንያና ሶማሊያ ላይ ተሻግሮ፣ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ እንደ ግድግዳ እየመራው ወደ ዓረብ ባሕር ይታጠፋል፤ ከባሕሩ እርጥበት ጠጥቶ የሕንድ ምዕራብ ጠረፍ ላይ ያራግፈዋል። ከሙምባይ ጀርባ ያሉት የምዕራብ ጋት ተራሮች አየሩን ወደ ላይ ይገፉታል፤ ይቀዘቅዛል፤ ይዘንባል። ከተራራው ማዶ ያለችው ፑኔ ግን በዓመት ከ800 ሚሊ ሜትር በታች ነው የምታገኘው። ከደሴ ተነስቶ በባቲ ወደ አፋር ቆላ፣ ወደ ሚሌ የወረደ ሰው ይህን በዓይኑ አይቶታል፤ አረንጓዴው በአንድ ቁልቁለት ያልቃል። ኤልኒኞ (የፓስፊክ ውቅያኖስ ውሃ ከወትሮው በላይ የሚሞቅበት ጊዜ) ሲመጣም ሁለቱ ክረምቶች ብዙ ጊዜ አብረው ይደክማሉ። በ2007 ዓ.ም. ክረምት የሆነው ይኸው ነው።

ተማሪዎቹን በጣም ያስገረማቸው የሐምሌ 19 ቀን 1997 ዓ.ም. መዝገብ ነው። በሙምባይ ሳንታክሩዝ ጣቢያ በ24 ሰዓት 944 ሚሊ ሜትር ዘነበ። ደሴ በዓመት የምታገኘው ከ1,000 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። በዚያው ቀን ከከተማዋ ደቡብ ጫፍ ያለው የኮላባ ጣቢያ የመዘገበው ወደ 73 ብቻ ነው። አንድ መለኪያ ለአንድ ከተማ እንደማይበቃ ከዚህ በላይ ማስረጃ የለም። ደሴም ብትሆን ጦሳ ተራራ ግርጌ ዶፍ ሲወርድ ታች ካፊያ ብቻ ሆኖ የሚያልፍባት ከተማ ናት። ስለዚህ ለሚቀጥለው ዓመት ሆጤና ቧንቧ ውሃ በሚባሉት የደሴ ሰፈሮች የሚኖሩ አባላት በየቤታቸው ተጨማሪ መለኪያ እንዲይዙ ታስቧል። ስፋታቸው ከትምህርት ቤቱ ጋር እኩል ይሁን፤ አፋቸውንም አንድ ሰው ብቻ ይለካው።

የቀረው ትልቁ ጉዳይ የእረፍት ጊዜ ነው። ዋናው ዝናብ የሚጥለው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነው። ለዚህ የሚሆነው ባለ 5 ሊትር ቢጫ ጀሪካን ነው፤ ባለ 10 ሳንቲ ሜትር ማንቆርቆሪያ አፉ ላይ ይታሰርና ውሃው እንዳይተን ጥቂት የምግብ ዘይት ይጨመርበታል። እስከ 636 ሚሊ ሜትር ዝናብ ይይዛል፤ ለደሴ ሐምሌ ይበቃል፣ ለሙምባይ ግን ወሩ ሳያልቅ ይሞላል። ዕለታዊውን ንባብ አይተካም፤ የወሩን ድምር ግን ያተርፋል። የጥበቃው ጋሼ በየፈረንጁ ወር መጨረሻ እንዲለኩት ስሪንጁና መዝገቡ በጥበቃ ቤቱ ይቀመጣሉ።