ብቻ ገብተህ ቁም፤ ከዴንቨር ለወንድሜ

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ወንድሜ ለጋሼ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እማማስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን በጣም ደህና ነኝ።

ይችን «ደህና ነኝ» ለወጉ ያህል ነው የጻፍኳት። ደብዳቤ ያለሷ አይጀመርም። ወደታች ስንወርድ አስተካክላታለሁ።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። ስልኩን ስፒከር ላይ ታደርጉታላችሁ። እማማ ትሰማለች፣ ቡና የጠጡት ጎረቤቶች ይሰማሉ፣ ደሴ በሙሉ ይሰማል። ይሄኛውን ለብቻህ እንድታነበው ፈለግሁ። አገር ቤት ለሚገባ ልጅ ነው የሰጠሁት።

ባለፈው «እዚያ አገር እግር ኳስ በእጅ ነው የሚጫወቱት?» ብለህ ስቀህብኛል። እውነት ነው፣ በእጅ ነው፤ እነሱ ግን ፉትቦል ይሉታል። ኳሷ ክብ አይደለችም፤ ሁለት ጫፏ ሾል ያለ፣ ሎሚ ነገር ናት። በየወገኑ 11 ሰው ይሰለፋል። ኳስ የያዘው ቡድን በአራት ሙከራ 10 ያርድ መግፋት አለበት፤ ከዘጠኝ ሜትር ትንሽ ይበልጣል። ካልቻለ ኳሷ ለባላጋራ ትሄዳለች። ኳስ አከፋፋዩን ኳርተርባክ ይሉታል። ወይ አርቆ ይወረውራል፣ ወይ ከኋላው ለቆመው ሰው በእጁ ያቀብላል። ያ ከኋላ የቆመው ራኒንግ ባክ ይባላል። ሥራው ኳሷን ደረቱ ላይ ሸጉጦ ሰው መሃል መግባት ነው። በገበያ ቀን «ሌባ! ሌባ!» ተብሎ የሚሮጥ ሰው አስብ። ልዩነቱ የሚያባርሩት ብዙዎቹ መቶ ኪሎ የሚያልፉ መሆናቸው ነው።

ይህን ሁሉ ያስተማረኝ ከኛ ጋር ፎርክሊፍት፣ ማለትም የዕቃ ማንሻ መኪና፣ የሚነዳ ሽማግሌ ነው። ዴንቨር ተወልዶ ዴንቨር ያረጀ። ክረምት ከበጋ ከጃኬቱ ስር 30 ቁጥር ማሊያ ይለብሳል። 30 ቁጥር የዴንቨሩ ቡድን የብሮንኮስ ራኒንግ ባክ የነበረው ቴሬል ዴቪስ ነው። ሰውዬው አሁን በሳምንት ሁለት ቀን በመኪናው ያመላልሰኛል። ወዴት እንደሚያመላልሰኝ ቆይ እነግርሃለሁ። መንገዱ ሙሉ ወሬው ዴቪስ ነው።

ዴቪስ በ1972 ሳንዲያጎ ተወለደ (ዓመቱን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠርልኝ)። አባቱ ሉፐስ በሚባል በሽታ ሲሞት ልጁ 14 ዓመቱ ነበር። መጀመሪያ የገባበት ኮሌጅ፣ ሎንግ ቢች ስቴት፣ በ1991 የፉትቦል ቡድኑን ጭራሽ ዘጋው። ወደ ጆርጂያ ዩኒቨርሲቲ ተዛወረ። እዚያም ያን ያህል አልታየም። ክለቦቹ አዲስ ተጫዋች የሚመርጡት ተራ በተራ ነው። በ1995 ብሮንኮስ ሲወስደው 196ኛ ነበር። በፊቱ 195 ሰው ተጠርቷል። እቁብ ላይ ዕጣህ መጨረሻ ሲሆን እንዴት እንደሚያደርግህ ታውቃለህ።

ውድድሩ ሳይጀመር ቡድኑ ለሙከራ ጨዋታ ቶኪዮ ሄደ። ዴቪስን ከቁም ነገር የቆጠረው አልነበረም። ጥሎ ሊሄድ አስቦ እንደነበር ኋላ ራሱ ተናግሯል። ግን ቋንቋውን በማታውቀው አገር ሻንጣህን ይዘህ ወዴት ትሄዳለህ? ይችን እኔ በደንብ አውቃታለሁ። የመጣሁ ሰሞን ስንት ጊዜ ሻንጣዬን አይቼ ተመልሼ ተኝቻለሁ። በመጨረሻ ወደ ሜዳ አስገቡት፤ ኳስ እንዲይዝ ሳይሆን የያዘውን እንዲጥል። ኳስ ተቀብሎ የሚሮጠውን የሳንፍራንሲስኮ ተጫዋች በደረቱ መታው። እዚህ ጋ ሲደርስ ሽማግሌው መሪውን ለቆ ሁለት መዳፉን ያጋጫል። እኔ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ከዚያች ምት በኋላ አሰልጣኞቹ ልጁን ማየት ጀመሩ። በዚያው ዓመት 1,117 ያርድ ሮጠ።

አሯሯጡ ልዩ ነው። ከፊቱ መንገድ የሚከፍቱት ግዙፎች ሁሉም ወደ አንድ ጎን ይገፋሉ። እሱ ረጋ ብሎ ይከተላቸዋል። ክፍተቱን ሲያይ አንድ እግሩን ይተክልና ወደፊት ይወነጨፋል። የሚታጠፈው አንዴ ብቻ ነው፣ ውዝዋዜ የለም። እግሩን መትከሉን ያዝልኝ ጋሼ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ጃንዋሪ 25 ቀን 1998፣ ሱፐር ቦውል፣ ማለትም የዋንጫው ፍልሚያ። ያውም ዴቪስ በተወለደባት ሳንዲያጎ። ብሮንኮስ ከዚያ በፊት አራት ጊዜ እዚህ ደርሶ አራቱንም ተሸንፏል። ዴቪስ ከልጅነቱ ጀምሮ ማይግሬን አለበት። ሲነሳበት ራሱን ፈልጦት አይበቃውም፣ ዓይኑንም ይጋርደዋል። የመጀመሪያው ሩብ ሲያልቅ ተነሳበት። ለአሰልጣኙ ለማይክ ሻናሃን አይታየኝም አለው። ቡድኑ ግቡ አፍ ላይ ደርሷል። ሻናሃን ኳሷን አንሰጥህም፣ ግን አንተ ከሌለህ ማታለላችንን አያምኑንም፣ ብቻ ገብተህ ቁም አለው።

ገብቶ ቆመ። ኳርተርባኩ ጆን ኤልዌይ ኳሷን ለሱ የሰጠ መሰለ። ባላጋራዎቹ የግሪን ቤይ ሰዎች ዓይኑ የማያይ ሰው ላይ ተረባረቡ። ኤልዌይ ኳሷን እንደያዘ በጎን ዞሮ ገባ።

ከዚያ ዴቪስ ወጣ። ከዕረፍት በኋላ ዓይኑ በርቶለት ሲመለስ የመጀመሪያዋን ኳስ ጣላት። በስንቱ ይፈተናል! ግን ጨዋታው ሲያልቅ 157 ያርድና ሦስት ተችዳውን፣ በኛ ሦስት ጎል እንደማለት፣ ነበረው። ሦስተኛዋን እንኳ ባላጋራዎቹ አውቀው ነው የለቀቁለት፤ እነሱም ለመልስ ትንሽ ደቂቃ እንዲተርፋቸው። አልሆነላቸውም። 31 ለ24 አለቀ። የጨዋታው ኮከብ እሱ ሆነ።

ሽማግሌው ይህን ሲነግረኝ እየሳቀ ነው። እኔ ግን ፊቴን ወደ መስኮቱ አዞርኩ። ሦስት ወር ሙሉ እኔም እንደዚያው ነኝ ጋሼ። ስትደውሉ ገብቼ እቆማለሁ። «ሥራ እንዴት ነው?» «አሪፍ ነው።» «ብርዱስ?» «ለምደነዋል።» ኳሷ እጄ ላይ የለችም።

ነገሩ ኅዳር ውስጥ ነው የሆነው። የሌሊት ፈረቃ ነበርኩ። የምንሠራበት መጋዘን ደጃፍ፣ ዕቃ የምንጭንበት ጋ፣ ውኃው በረዶ ሆኖ ጋግሯል። ጨው ይበተንበታል ተብሎ አልተበተነም። ሳጥን ተሸክሜ ልዞር ቀኝ እግሬን ተከልኩ። ግራው አዳለጠው። ቀኙ እንደተተከለ ቀረ፣ እኔ ዞርኩ። ቀጭ አለ። ደረቅ ጭራሮ እግርህ ስር ሲሰበር የሚሰማው ድምፅ። ሳጥኑ ውስጥ የነበረው የድመት ምግብ ነው። ለድመት ምግብ ነው የወደቅሁት።

የጉልበቴ ጅማት ተበጥሷል። ታኅሣሥ ላይ ቀዶ ጥገና ተደረገልኝ። ሽማግሌው የሚያመላልሰኝ ወደ ፊዚዮቴራፒ ነው።

ዴቪስም የደረሰበት ይኸው ነው። በ1998 2,008 ያርድ ሮጠ። በአንድ ዓመት ሁለት ሺህ ሲያልፍ አራተኛው ሰው እሱ ነበር። ቡድኑ ዋንጫውን ደገመ። በ1999 አራተኛው ጨዋታ ላይ፣ እዚሁ ዴንቨር፣ ባላጋራ ኳሷን ጠለፈ። ዴቪስ ጠላፊውን ሊይዝ ሲሮጥ የራሱ ጓደኛ እግሩ ላይ ወደቀበት። ቀኝ ጉልበቱ፣ ሁለት ጅማት። ከዚያ ሦስት ዓመት ሞከረ። በ2002 ዕድሜው ሠላሳ ሳይሞላ ማሊያውን ለብሶ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ። እንደ ወታደር እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ ሕዝቡን ተሰናበተ። ያን ቀን ባላጋራቸው ማን እንደነበር ገምት፤ ያው የቶኪዮው ሳንፍራንሲስኮ። የፉትቦል ዝነኞች የሚከበሩበት አዳራሽ ስሙ የገባው 15 ዓመት ቆይቶ በ2017 ነው። ጥቂት ዓመት ነው የተጫወተው እያሉ አቆዩት።

አንተም ሆጤ ሜዳ የወደቅህ ቀን ትዝ ይለኛል። ወጌሻው በለጋ ቅቤ ሲያሽህ ፋኖስ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። «ደህና ነኝ» ብለህ በሳምንቱ ተሰለፍክ። ከዚያ ወዲያ ማሊያህን ያየሁት ምስማር ላይ ተሰቅሎ ነው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልንገርህ። ዴቪስ በመደበኛ ውድድር ዕድሜ ልኩን የሮጠው 7,607 ያርድ ነው። ወደ ሜትር ቀየርኩት፤ ሰባት ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም! ለሽማግሌው «በዚያው በ1998 የኛ ኃይሌ ሄንጌሎ ላይ 10,000 ሜትር በ26 ደቂቃ ከ22 ሰከንድ ጨርሷል» አልኩት። ትንሽ ዝም አለና «ኃይሌን ስንት ሰው ጎትቶ ጣለው?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ዴቪስ እኮ 1,655 ጊዜ ነው ኳስ ተቀብሎ ሰው መሃል የገባው። በከፍታቸው ግን አልለቀቅኩትም። ከተማችን ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ላይ ናት ብለው ይኩራራሉ። ደሴ ከ2,400 በላይ ናት ስለው ካርታ አውጣ አለኝ። አወጣሁለት።

የፊዚዮቴራፒዋ ልጅ መጀመሪያ ቀን «ግብህ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሌላው ሰው በበረዶ ላይ መንሸራተት፣ ማራቶን ምናምን ይላታል መሰለኝ። እኔ መስገድ አልኳት። አልገባትም። እማማ ለሕማማት እንዴት እንደምትሰግድ በእጄ አሳየኋት፤ ቁጭ፣ ግንባር መሬት፣ ብድግ። ስንት ጊዜ አለችኝ። አርባ አንድ ስላት ወረቀቷ ላይ ጻፈችው። አሁን ጉልበቴ 95 ዲግሪ ይታጠፋል። ለዘንድሮ ሕማማት አይደርስም ብላኛለች።

እንግዲህ የገንዘቡ ነገር። ሕክምናውን የሥራው ኢንሹራንስ ነው የሚከፍለው። ደሞዜንም ከፊሉን ይሰጠኛል። ከፊሉን ነው ያልኩህ። እስካሁን የላክሁት ከቁጠባዬ ነበር፣ እሱም አለቀ። ከዚህ ወር ጀምሮ የምልከው ግማሹን ነው። የማድ ቤቱን ቆርቆሮ ጉዳይ እስከ ግንቦት ታገሱኝ። እዚህ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ፣ ከአገር ልጆች ጋር የገባሁበት እቁብ አለ፤ ዕጣዬ ሚያዝያ ላይ ነው። ክረምቱ ሳይገባ ይደርሳል። ለአናጺው ቀብድ ሰጥታችሁ ከሆነ እባክህ አንተ አነጋግረው።

ለእማማ እንዴት እንደምትነግራት አንተ ታውቃለህ። ጉልበቱን ትንሽ አሞታል በላት። ቀዶ ጥገና የምትለዋን ቃል አታንሳባት። ቅቤ ልላክለት ማለቷ አይቀርም። አትከልክላት፣ ትላክ።

እሁድ ስትደውል ስፒከሩን አጥፋው።

ወንድምህ