ወረቀቷን ከቦርሳሽ እንዳታወጪ

እማዬ፣

ስልክ ላይ ብዙ ስታወሪ ድምፅሽ ይደክማል። ስለዚህ የምነግርሽን ጻፍኩት። ማታ ዓይንሽ ካስቸገረሽ ተይውና ጠዋት አንብቢው።

ከሁሉ በፊት ይህን እወቂልኝ፤ ምንም አላጋነንሽም። አንዱ ሐኪም «እርጅና ነው» አለሽ። ሌላው መነጽር አዘዘልሽ። ሌላኛው ደግሞ «ሐሳብ አታብዢ» ብሎ ሸኘሽ። እስካሁን ያንገበግበኛል። ጠዋት ምርመራ ክፍል ስትገቢ ደህና ነሽ፤ ማታ ግን የዓይንሽ ቆብ ይወርዳል፣ ምግብ እያኘክሽ መንጋጋሽ ይዝላል። አንድ ጊዜ ብቻ ያየሽ ሰው አላመነሽም። ያንቺ በሽታ፣ የማያስቴኒያ ግራቪስ፣ ዋና ምልክቱ ግን ይሄው መለዋወጥ ነው። ጡንቻ ሲሠራ ይዝላል፣ ሲያርፍ ይመለሳል። ሰውነትሽ በሽታን ለመከላከል የሚያመርተው አንቲቦዲ፣ ጡንቻ ከነርቭ ትእዛዝ የሚቀበልበትን ቦታ ያጠቃል። ነርቩ ያዛል፣ ጡንቻው ግን በደንብ አይደርሰውም።

ያቺን ወጣት ሐኪም ግን እግዜር ይስጣት። ቁጭ ብላ ሰማችሽ። ወደ ላይ ትክ ብለሽ እንድታዪ አደረገችና ዝም ብላ ጠበቀች፤ ቆቡ ቀስ እያለ ሲወርድ አብረን አየን። ከዚያ በረዶ በጓንት ቋጥራ፣ ዓይንሽን አስጨፍና ለሁለት ደቂቃ ያህል ያዘችበት። ስታነሳው ቆቡ ከፍ ብሏል! በዚህ በሽታ ቅዝቃዜ የነርቭና የጡንቻን መገናኛ ለጊዜው ያግዘዋል። የደም ምርመራው ውጭ አገር እስኪላክ ድረስ መንገዱን ያሳየን ያ በረዶ ነው። ደሙም ቢሆን ሁልጊዜ አይናገርም። የተለመደው አንቲቦዲ የሚገኘው በሽታው ከዓይን አልፎ ሰውነታቸውን ካዳረሳቸው ሰዎች 85 ከመቶ ገደማ ላይ ነው። ከቀሩት አንዳንዶቹ «ነጻ ናችሁ» ተብለው ከነሕመማቸው ወደ ቤት ይመለሳሉ።

መድኃኒትሽም የመጣው ከእንዲህ ዓይነት አስተዋይ ሐኪም ነው። በ1934 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ለንደን ግሪኒች ውስጥ የምትሠራ ሜሪ ዎከር የተባለች ሐኪም ሕመሙ ኩራሬ የተባለው ጡንቻ የሚያሽመደምድ መርዝ ከሚያደርሰው መዛል ጋር እንደሚመሳሰል ልብ አለች። የመርዙን ማርከሻ ፊዞስቲግሚንን ለታማሚዋ ሰጠች፤ ሠራም። አንቺ የምትወስጂው ፒሪዶስቲግሚን የዚያ መድኃኒት ዘመድ ነው።

ፒሪዶስቲግሚን የዓለም ጤና ድርጅት አስፈላጊ ብሎ ከዘረዘራቸው መድኃኒቶች አንዱ ነው። ሆኖም ታማሚው ጥቂት በሆነበት አገር አስመጪ ስለማይሻማበት ከፋርማሲ ይጠፋል። እንዳያልቅብሽ ብለሽ እንክብሉን ለሁለት እየከፈልሽ እንደምትውጪ ሰምቻለሁ። እባክሽ ተይ። ገና ሳያልቅ ንገሪኝ፣ ማፈላለጉ የኔ ሥራ ነው። ሆድሽን ከቆረጠሽ ወይም ምራቅ ከበዛብሽ ለሐኪሟ ንገሪያት እንጂ በራስሽ አትቀንሺ። አንቲቦዲው እንዳያጠቃሽ የሚያበርደውን ሌላውን መድኃኒትሽን፣ ፕሬድኒሶሎኑን፣ ደግሞ በድንገት ማቆም አደገኛ ነው።

አሁን ቦርሳሽ ውስጥ ወዳለችው ወረቀት። ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ በሌላ ሕመም የሚሰጥሽ መድኃኒት ነው። አንቲባዮቲኮቹ ጄንታማይሲን፣ ሲፕሮ (ሲፕሮፍሎክሳሲን)ና አዚትሮማይሲን፣ ለወባ የሚሰጡት ኩዊኒንና ክሎሮኪን፣ ለልብና ለግፊት የሚታዘዘው ፕሮፕራኖሎል፣ በደም ሥር የሚሰጥ ማግኒዥየም፤ እነዚህ ድካሙን በአንዴ ሊያብሱት ይችላሉ። ብዙዎቹ በየጤና ጣቢያው በየቀኑ የሚታዘዙ ናቸው። የሚያዝልሽ ባለሙያ ይህን በሽታ በሥራ ዘመኑ አንዴም ላያየው ይችላል፤ አትፍረጂበት፣ ወረቀቷን አሳዪው። ስሙንም መድኃኒቶቹንም በትልቁ ጽፌልሻለሁ። ሰመመን ከመውሰድሽ በፊትም፣ ጥርስ ለማስነቀልም ብትሄጂ አሳዪ። እንዲያ ማለቴ ግን ትኩሳት ሲይዝሽ ሳትታከሚ ቅሪ ማለት አይደለም። ኢንፌክሽን ራሱ በሽታውን ይቀሰቅሰዋል። ሌላ አማራጭ ከጠፋ ሐኪም በቅርብ እየተከታተለ ሊሰጥሽ ይችላል።

አንድ ነገር ልመዱ፣ አንቺም እህቴም። በደንብ አየር ሳቢና በአንድ ትንፋሽ ጮክ ብለሽ ቁጠሪ። ጤነኛ ሰው እስከ 50 ገደማ ይደርሳል። አንቺ ስንት ላይ እንደምታቆሚ እህቴ ትመዝግብ። ቁጥሩ በፍጥነት ከቀነሰ፣ ወይም ከ20 በታች ከወረደ፣ ውሃ ትን ካለሽ፣ በጀርባሽ ስትተኚ ትንፋሽ ካጠረሽ፣ እኩለ ሌሊትም ቢሆን በቀጥታ መተንፈሻ መሣሪያ ወዳለበት ሆስፒታል ሂዱ። «ሰው አላስቸግርም» የምትይውን ነገር በዚህ ጉዳይ አልሰማሽም።

የደረት ሲቲ ስካኑንም አትሰርዢ። ከዚህ በሽታ ታማሚዎች ከ10 እስከ 15 ከመቶ በሚሆኑት ከደረት አጥንት ጀርባ ባለው ታይመስ በተባለ የሰውነት ክፍል ላይ ዕጢ ይገኛል፤ ካለ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በቀዶ ጥገና ይወጣል። ቀጠሮው ጠዋት እንዲሆን ለምኛለሁ፣ ያኔ ጉልበት ስላለሽ። ፈቃድ ወስጃለሁ፣ አብሬሽ እገባለሁ።

ልጅሽ