ዲሴምበር 5 ሳይሆን 6 ነው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ የደሴ የአውሮፕላን ድብደባ «ኅዳር 26 ቀን 1928 ዓ.ም.፣ ዲሴምበር 5 ቀን 1935» ተብሎ ታትሟል። የተሳተው በአንድ ቀን ነው፤ የስኳድሮን (የአየር ኃይል የበረራ ክፍል) መዝገብ ለሚያገላብጥ ሰው ግን ይህች አንድ ቀን ብዙ ታደክማለች። ኅዳር 26 አብዛኛውን ጊዜ ዲሴምበር 5 ላይ መዋሉ እውነት ነው። ነገር ግን 1927 ዘመነ ሉቃስ ስለነበር ጳጉሜን 6 ሆነች፤ የ1928 መስከረም 1 ሴፕቴምበር 12 ላይ ዋለና እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ድረስ ሁሉም በአንድ ቀን ተገፋ። የ5ን ገጽ የከፈተ ሰው «ደሴ የሚል የለም» ብሎ መዝገቡን ይዘጋዋል።

ዓመቱም ያሳስታል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ ወዲያ 8 ይደመራል። ደሴ በደቡብ አፍሪካ ጦር እጅ የገባችበትን ሚያዝያ 18 ቀን 1933 ላይ 7 የደመረ ሰው ኤፕሪል 1940 ላይ ያርፋል፤ ያኔ ጣሊያን ከእንግሊዝ ጋር ገና ጦርነት አልገጠመችም።

ጽሑፉ ሁለቱን ጦርነቶችም ቀይጧቸዋል። በ1928 ቦምብ የጣለው ጣሊያን ነው። በ1933 ኮምቦልቻ ማረፊያ ላይ የወረደው ግን ጣሊያንን ሊያስወጡ የመጡት የእንግሊዝና የደቡብ አፍሪካ አውሮፕላኖች ቦምብ ነው። ሽማግሌዎች «የአውሮፕላኑ ጊዜ» ሲሉ፣ ያን ቀን ከተማው ውስጥ የነበሩት ጃንሆይ ናቸው ወይስ ጣሊያን ብሎ መጠየቅ ይበቃል።

ቦምቡን ማን እንደጣለ ለማወቅ፣ ቀኑ ከታወቀ በኋላ የሚፈለገው የአየር ኃይሉ ክፍል ነው፤ የበራሪው ስም ኋላ ይደረስበታል። በጣሊያን አየር ኃይል ትንሹ ክፍል ስኳድሪሊያ ነው፤ ስኳድሪሊያዎች ተጣምረው ግሩፖ፣ ግሩፖዎች ተጣምረው ስቶርሞ ይሆናሉ። ሦስቱም የየራሳቸው ቁጥር ስላላቸው «15ኛው» ብሎ መተው የትም አያደርስም። 15ኛው ስኳድሪሊያ፣ «ላ ዲስፔራታ» የሚባለው፣ አዛዡ የሙሶሊኒ አማች ጋሌአትዞ ቻኖ ነበር። ስሙ ስለገነነ ብቻ የደሴን ቦምብ ለእሱ መስጠት ግን ወሬ ነው፤ ሮም ባለው የአየር ኃይሉ የታሪክ ቢሮ የዕለቱ የበረራ ሰነድ መታየት አለበት።

የእንግሊዞቹ መዝገብ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት «ኤር 27» በሚል ምድብ ተቀምጧል። ቅጽ 540 የየዕለቱን ውሎ በአጭሩ ይተርካል። ቅጽ 541 ግን አውሮፕላኑን በቁጥሩ፣ በውስጡ የነበሩትን በስማቸው፣ የተነሣበትንና የተመለሰበትን ሰዓት ይዘረዝራል። ብዙዎች 540ን ብቻ ቀድተው ይሄዱና ስሙን አጣነው ይላሉ። የሽማግሌን «ጠዋት ሁለት ሰዓት» ከዚህ ጋር ስታስተያዩ 6 ሰዓት መጨመር አትርሱ።

በራሪው የሚለየው በአገልግሎት ቁጥሩ ነው፤ ሞክሼው ብዙ ነውና። ተራ ወታደር መኮንን ሲሆን አዲስ ቁጥር ስለሚሰጠው አንዱ ሰው መዝገብ ላይ ሁለት መስሎ ይታያል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ በኢትዮጵያና በኤርትራ ሰማይ ሞተው መቃብራቸው ያልታወቀ የእንግሊዝ በራሪዎች ስም የተቀረጸው ግብፅ፣ ኤል አላሜይን ባለው መታሰቢያ ላይ ነው። ስሙ እዚያ ስለተገኘ ግብፅ ሞተ ማለት አይደለም።

ስለ አውሮፕላን ስብርባሪ ደግሞ፦ እንደ መረብ የተጠላለፈ የብረት አጥንት የእንግሊዙን ቦምብ ጣይ ዌልስሊ ያመለክታል፤ የተበየደ የብረት ቱቦ ከሆነ የጣሊያኑን ካፕሮኒ ያስጠረጥራል። ቁጥር የተመታባት ትንሽ ሳህን ካለች እዚያው በተገኘችበት ፎቶ አንሷት፤ የአንድ ዕቃ ቁጥር ልትሆን ስለምትችል የአውሮፕላኑ ቁጥር ነው ብላችሁ አትቸኩሉ። ቆራሌው ከወሰዳት አልሙኒየሙ ቀልጦ ድስት ይሆናል። ያልፈነዳ የሚመስል ነገር ግን ፎቶም አያሻውም፤ ሳይነኩ ርቆ ለፖሊስ መንገር ነው።

እርማቱ በሚቀጥለው እትም፣ ስሕተቱ በወጣበት ገጽ ላይ እንዲታተምልን እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የደሴና የኮምቦልቻ አንባቢዎቻችሁ